መነጽር አጥልቆ ማዘን ይቻላል?



ከእረፍት የተመለሰ አንድ የዶርም ጓደኛችን ከአዲስ አበባ የካርቶን መነጽር ይዞ መጣ። ሁለት ሌንስ አለው፣ ስልክ ከፊቱ ይገባበታል። ዓይን ላይ ሲደገን ክፍሉ ይጠፋና ሌላ ቦታ ይመጣል። ጭንቅላት ወደ ግራ ሲዞር ምስሉም ይዞራል፤ ቀና ሲሉ ሰማይ፣ ሲያጎነብሱ መሬት። ቨርችዋል ሪያሊቲ የሚባለው ነገር በጣም ርካሹ ዓይነት ይህ ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻ በየተራ ስናይ ሰዓቱ እንዴት እንዳለቀ አላወቅንም።

ካየናቸው ፊልሞች አንዱ በዮርዳኖስ ዛዕተሪ ካምፕ ውስጥ ስለምትኖር የ12 ዓመት ሶሪያዊት ልጅ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ ተሠርቶ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዳቮስ ስብሰባ ላይ ለዓለም ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች የታየ ፊልም ነው። ድንኳኑ ውስጥ ትቀመጣለህ፣ ልጆቹ ይከቡሃል፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ትቆማለህ። ከመካከላችን ሁለቱ እንባቸውን ጠረጉ። ተራው የደረሰው ከጌዴብ የመጣው ወንድማችን ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየና መነጽሩን አውልቆ፣ "ጭቃ የለውም" አለ። ምን ማለትህ ነው አልነው። "ጭቃ የለውም፣ ሽታም የለውም። ደግሞ ሲበቃህ ታወልቀዋለህ።"

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ይህ ንግግሩ ነው።

መነጽሩን መጫወቻ ብቻ አድርገን እንዳናልፈው የሚያደርግ ምክንያት አለ። በዓለም ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሰውን ርኅራኄ ለማጥናት ይጠቀሙበታል። ፊልም ሠሪው ክሪስ ሚልክ በ2015 ባደረገው ንግግር ይህ መሣሪያ ሰውን ከሰው ስሜት ጋር የሚያገናኝ የመጨረሻው ማሽን እንደሆነ ተናግሮ ነበር፤ አባባሉም በየቦታው ተደጋገመ። እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ እንበል። እነሱ የሚሉት ነገር አዘኔታ አይደለም። አዘኔታ ከላይ ወደ ታች ነው፤ የቆመ ሰው ለወደቀ ሰው የሚሰማው። እዝነት ወይም ርኅራኄ ይቀርበዋል፣ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ተመራማሪዎቹ የሚያጠኑት ሁለት ነገር ነው፦ አንዱ የሌላው ስሜት ወደ አንተ መጋባቱ፣ ሌላው ደግሞ ሌላው ሰው ነገሩን ከእሱ ቦታ ሆኖ እንዴት እንደሚያየው መረዳት። የመጀመሪያው የልብ ነው ብንል ሁለተኛው የአእምሮ ነው። ሁለቱ አብረው የሚመጡ ይመስለናል። አይመጡም፤ ወይም ሁልጊዜ አይመጡም።

መሣሪያው ለጥናት ጥሩ የሆነበትን ምክንያት አንድ ምሳሌ ያስረዳል። በ1960ዎቹ ስታንሊ ሚልግራም የተባለ አሜሪካዊ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎችን እያስጠራ፣ ስህተት የመለሰ ሰውን በኤሌክትሪክ እንዲቀጡ ያዝዛቸው ነበር። ኤሌክትሪኩ እውነት አልነበረም፤ ቀጪዎቹ ግን እውነት ነው ብለው ተጨንቀው ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ አያሳልፈውም። በ2006 ሜል ስሌተርና ባልደረቦቹ በለንደን ያንኑ በኮምፒውተር በተፈጠረች ሴት ላይ ደገሙት። ተሳታፊዎቹ ሴትየዋ የለችም፣ ሥዕል ናት ብለው በደንብ ያውቃሉ። ሆኖም ስትጮኽ ልባቸው መታ፣ ላብ አላባቸው፣ አንዳንዶቹም አቋርጠው መውጣት ፈለጉ። አእምሮ "ውሸት ነው" እያለ ሰውነት ይደነግጣል። የሰውን ልብ ሳይጎዱ ለማጥናት ይህ ትልቅ በር ነው፣ እኛም አንንቀውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ሁሉ ማር አይደለም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጄረሚ ቤይለንሰን ላቦራቶሪ "ቤት አልባ መሆን" የሚል ልምምድ ሠርቶ ከ560 በላይ ሰዎችን ፈተነ። ውጤቱ በ2018 ታተመ። መነጽሩን ካደረጉት 82 በመቶው ለድሆች ቤት እንዲሠራ የሚጠይቅ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ ታሪኩን አንብበው ራሳቸውን በዚያ ቦታ እንዲያስቡ ከተጠየቁት ደግሞ 67 በመቶው። ልዩነቱ እውነት ነው፣ ሳምንታት ካለፉ በኋላም አልጠፋም። ነገር ግን 67ቱንም እናስተውል። በወረቀት የተጻፈ ታሪክ ብቻ አንብበው ነው የፈረሙት። ማንበብ ገና አልሞተም ለማለት ያህል ነው።

በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ከ40 በላይ የተለያዩ ምርምሮችን አንድ ላይ አድርጎ መረመረ። ያገኘውም መነጽሩ ስሜትን እንደሚያነሣሣ፣ መረዳትን ግን እንደማይጨምር ነው። ልብ ይርዳል፣ አእምሮ ባለበት ይቆያል። ለምን ቢባል፣ መረዳት ጥረት ይጠይቃል፤ ራስህ ማሰብ አለብህ። መነጽሩ ግን ሁሉን ነገር ስሎ ይሰጥሃልና የምታስበው ነገር አይተውልህም።

የቆዳ ቀለም ጥናቶቹ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማሉ። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት፣ በመነጽሩ ውስጥ የጥቁር ሰው ገላ የተሰጣቸው ነጮች በጥቁሮች ላይ ያላቸው ስውር ጥላቻ ቀነሰ አለ። ከዚያ በፊት በ2009 የወጣው ሌላው ግን ተቃራኒውን አግኝቶ ነበር፤ የጥቁር ገላ ይዘው የሥራ ቃለ መጠይቅ ውስጥ የገቡት አድልዎአቸው ጭራሽ ጨመረ። መሣሪያው ያው መነጽር ነው። የተለወጠው ሰውየው የገባበት ሁኔታና ይዞት የመጣው ልብ ነው።

ለግቢያችን በጣም የሚቀርበው ግን መነጽር እንኳ የሌለበት ጥናት ነው። አሪየል ሲልቨርማን ራሷ ዓይነ ስውር የሆነች ተመራማሪ ናት። ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው ጥቂት ደቂቃ እንዲሄዱ የተደረጉ ተማሪዎችን አጠናችና ውጤቱን በ2015 ከባልደረቦቿ ጋር አሳተመች። ተማሪዎቹ ለዓይነ ስውራን ያላቸው ርኅራኄ ጨመረ። ግን ደግሞ ዓይነ ስውራን ሥራ መሥራት፣ ለብቻ መኖር እንደማይችሉ አድርገው መገመት ጀመሩ። ምክንያቱም የቀመሱት ዓይነ ስውርነትን ሳይሆን ዓይን የጠፋበትን የመጀመሪያውን ደቂቃ ነው። በዱላው መንገዱን ለይቶ፣ ከእኛ ቀድሞ ክፍል ገብቶ፣ ከእኛ የተሻለ ውጤት የሚያመጣውን ተማሪ በዚያ ጨርቅ ውስጥ ሊያዩት አይችሉም። ብዙዎቻችን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች "ማሻአላህ፣ እንዴት ትችላለህ!" የምንለው ከዚያው ጨርቅ ውስጥ ሆነን ይመስለናል።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። በ2015 "ቻሪቲ ዋተር" የተባለው የአሜሪካ የውኃ በጎ አድራጎት ድርጅት በሰሜን ኢትዮጵያ አንዲት መንደር ውስጥ ስለምትኖር የ13 ዓመት ልጅ በዚሁ ዘዴ ፊልም ሠራ። ንጹሕ ውኃ ወደ መንደሯ ሲመጣ ያሳያል። ፊልሙ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በተደረገ የእራት ግብዣ ላይ ቀረበ፤ 400 የሚሆኑ ባለጸጎች ሱፍና የእራት ቀሚስ ለብሰው በአንድ ጊዜ መነጽር አጠለቁ። በዚያ ምሽት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ውኃ ጉድጓድ ውኃ ጉድጓድ ነው፣ የጠማው ሰው ገንዘቡ በእንባ መጣ በምን መጣ አይጠይቅም። እኛም በዚህ አናፌዝም። ሆኖም ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው በሰሜን ጦርነት ሲነሳ፣ ከነዚያ 400 ሰዎች ውስጥ ስንቱ ስለዚያች ልጅ ጠይቆ ይሆን? ማሽኑ የገንዘብ ቦርሳ መክፈት ችሏል። ዝምድና መፍጠሩን ግን እንጠራጠራለን። በ2017 የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ በዐውሎ ነፋስ በተጎዳችው ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በካርቱን መልክ ቆሞ መሣሪያውን ሲያስተዋውቅ የደረሰበትን ትችትና በኋላ ይቅርታ መጠየቁን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ጎርፉ ከኋላው፣ እሱ ከፊት ፈገግ ብሎ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለዲላ ምኗ ነው?

ለዲላ ምኗ እንደሆነ በ2010 ዓ.ም. እዚህ የነበረ ሁሉ ያውቃል። በሚያዝያ፣ ከዚያም እንደገና በሰኔ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። አብዛኛው በጉጂ በኩል ይኖር የነበረ ጌዴኦ ነው፤ በጌዴኦ በኩል ይኖሩ የነበሩ ጉጂዎችም ሸሽተዋል። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ በግጭት ምክንያት ከተፈናቀለ ሕዝብ ትልቁን ቁጥር ከያዙት አንዱ የእኛው አካባቢ ነበር። ሰዉ በትምህርት ቤት፣ በቤተ እምነት፣ ግድግዳ በሌለው ጅምር ፎቅ ውስጥ፣ በክረምት ዝናብ ተጠለለ። የጌዴብ ረሃብ ዜና በመላው ዓለም የተሰማው በመጋቢት 2011 ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ወር መጡ። ያኔ ልጆች የነበሩ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ከጌዴብም፣ ከቡሌ ሆራም፣ ከከርቻም የመጡ አሉ። አንድ ካፌ እንበላለን፣ አንድ ሶፍ እንቆማለን።

አሁን እናስብ። ነገ አንድ ድርጅት ወይም ከእኛው መካከል ጎበዝ የኮምፒውተር ሳይንስና የሥነ ልቦና ተማሪዎች ተነሥተው፣ የዚያን ጊዜ መፈናቀል በዚህ መነጽር እንሥራው ቢሉ፣ ደግ ሐሳብ ነው እንላለን ወይ? አዎ የምንል አለን፤ ይህን የምንጽፈው ልጆችም አልተስማማንም። የተስማማንበት አንድ ነገር ግን አለ። ፊልሙ የአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። የአንድ ጌዴኦ እናት ዋይታ ብቻ በመነጽር ያየ ሰው ስለ ጌዴኦ ያነባል፣ ለጉጂ ግን ጥርሱን ይነክሳል። የጉጂውን ብቻ ያየም እንዲሁ። ርኅራኄ ሁልጊዜ ሰላም አያመጣም። እንዲያውም ጠብ ቀስቃሾች ሁሉ ሥራቸውን የሚጀምሩት የወገንን ቁስል በማሳየት ነው። በ2017 በአሜሪካ፣ በሀንጋሪና በግሪክ የተደረገ ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው። ሰው ሌላውን ወገን ለመርዳት ወይም ለመጉዳት የሚያዘነብለው በጠቅላላ ርኅሩኅ በመሆኑና ባለመሆኑ አይደለም፤ ለወገኑ በሚሰማውና ለሌላው በሚሰማው መካከል ባለው ክፍተት ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ፖል ብሉም ርኅራኄን የሚቃወም መጽሐፍ እስከ መጻፍ የደረሰውም በዚህ ነው። እሱ እንደሚለው ስሜት እንደ ባትሪ መብራት ነው፣ ያበራበትን ብቻ ያሳያል። በሁሉም አንስማማበትም፣ እዚህ ላይ ግን ልክ ነው።

እዚህ ላይ ጾምን የሚያነሣ ወንድም አይጠፋም፤ በውይይታችንም ተነሥቷል። "እኛ በየዓመቱ የረሃብን ጣዕም እንቀምስ የለም ወይ? ጾም የእኛ መነጽር ነው" አለ አንዱ። ጥሩ ንግግር ነበር። ሌላው መልሶ፣ "መግሪብ ላይ ቴምርና ሳምቡሳ እንደሚጠብቀው እያወቀ የተራበ ሰው፣ ነገ ምን እንደሚበላ የማያውቀውን ተራብኩልህ ሊለው አይችልም" አለው። ዑለማዎቹም የጾምን ዋና ዓላማ ተቅዋ ይላሉ እንጂ የድሃን ስሜት መለማመድ ብቻ አያደርጉትም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ዲናችን የድሃውን ነገር ለእኛ ስሜት አልተወውም። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት፣ አዘንክም አላዘንክም። የዘካ 2.5 በመቶም ከሰጪው እንባ አይጠብቅም። ልብህ በደረቀበት ዓመትም የድሃው ሐቅ ያው ሐቅ ነው። ስሜት መጥቶ ከሄደ በኋላ የሚቀር ነገር መኖር እንዳለበት ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አናውቅም።

ስለ ራሳችንም እንናገር፤ በሌላው ላይ ብቻ መጻፍ ቀላል ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት በአንድ ረመዷን ከከተማው ዳር ለሚኖሩ ችግረኛ ቤተሰቦች ዱቄት፣ ዘይትና ቴምር ይዘን ሄድን። ሁለት ልጆች ዕቃ ይሸከማሉ፣ ሦስት ልጆች ፎቶ ያነሣሉ። አንዲት እናት ዘይቱን ስንሰጣቸው ስልኩን አዩና፣ "ልጆቼ፣ ይህ ፎቶ የት ይሄዳል?" አሉን። "እማማ፣ ሰው አይቶ እንዲረዳ ነው" አልን። መልስ አልሰጡንም። በአንድ እጃቸው ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ስበው በሌላው ዘይቱን ተቀበሉ። ፎቶው እንዲሁ ወጣ፤ የተሸፈነ ፊትና የተዘረጋ እጅ። ቴሌግራም ላይ ለጠፍነው፣ ብዙ ልብ አገኘ፣ መዋጮም ጨመረ። ዓላማችን ሪያእ አልነበረም፣ ኒያችን አላህ ያውቀዋል። ግን ያንን ፎቶ ዛሬ ስናየው፣ የእኚህን እናት ችግር ተመልካች ዘንድ አደረስን እንጂ እሳቸውን አላደረስንም። ይህን ጽሑፍ ስንጀምር አጥፍተነዋል። የኒው ዮርኩን እራት የወቀስን እኛ ያለ መነጽር ያንኑ አድርገን ነበር።

በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከሁሉ ይበልጥ ያነጋገረን በዚህ ምክንያት ነው። ኤሚል ብሩኖና ርብቃ ሳክስ ፍልስጥኤማውያንንና እስራኤላውያንን፣ እንዲሁም ሜክሲኳውያን ስደተኞችንና ነጭ አሜሪካውያንን ጥንድ ጥንድ እያደረጉ አነጋገሩ። አንዱ ችግሩን ይናገራል፣ ሌላው ሰምቶ በራሱ ቃል መልሶ ይነግረዋል። ጉልበት ያለው ወገን ስለ ሌላው የነበረው አመለካከት የተሻሻለው ሲሰማ ነው። የተገፋው ወገን አመለካከት ግን የተሻሻለው ሲናገርና ሲደመጥ ነው። የተገፋን ሰው "አንተም የሌላውን ስሜት ተረዳ" ማለት ብዙም አልጠቀመውም። መደመጥ ነበር የሚፈልገው። ጌዴኦዎች የሶንጎ ሥርዓታቸው፣ ጉጂዎችም የገዳ ሽማግሌዎቻቸው፣ ሁለቱም በመካከላቸው "ጎንዶሮ" የሚሉት የዕርቅ ወግ ሰውን ፊት ለፊት የሚያስቀምጡት ይህን ከማንም ጥናት በፊት ስለሚያውቁት ነው ብንል አናጋንንም።

ስለዚህ መነጽሩን ለሚሠሩ ጓደኞቻችን የምንለው ይህ ነው። ሥሩት፣ ነገር ግን ካሜራውን የት እንደሚያቆሙ የደረሰባቸው ሰዎች ይምረጡ። ከጌዴኦም ከጉጂም ይሁን፣ ያየ ሰው ሁለቱንም ሳያይ አይውጣ። የቀረጻችሁትን መጀመሪያ ለእነሱ አሳዩ፣ አጥፉ ካሏችሁ አጥፉ። ተመልካቹንም ገና እንባው ሳይደርቅ አትጠይቁት፤ ከሁለት ወር በኋላ ምን እንዳደረገ ጠይቁት። ሩቅ ላለ፣ ዲላን በካርታ ለማያውቅ ሰው ይህ ይጠቅም ይሆናል። ጌዴብ የመጣው ልጅ አልጋው ከአልጋችን በላይ ላለ ለእኛ ግን መነጽሩ መንገድ ማስረዘም ነው።

ያን ዕለት ማታ ከዒሻ በኋላ ያንን ወንድማችንን ስለ ጭቃው ጠየቅነው። የተወለደው ከርቻ በኩል ነው፤ በ2010 ቤተሰቡ ሸሽቶ ጌዴብ ገባ። አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ከብዙ ቤተሰብ ጋር ተኝተዋል። እኛ ስለ ረሃቡ የሚነግረን መስሎን ነበር። እሱ የነገረን ስለ አባቱ ነው። አባቱ በየማታው ወደ መንገዱ ወጥተው ትተውት ወደመጡት ተራራ እያዩ፣ ቡናው ቀልቶ ይሆን፣ ማን ይለቅመዋል ይሉ ነበር። ቀጥሎም ጉጂ ጎረቤታቸው ላማቸውን ወስዶ ከራሱ ከብት ጋር ደባልቆ እንደጠበቀላቸውና ሲመለሱ ከነጥጃዋ እንዳስረከባቸው ነገረን። የዚያ ጎረቤት ልጅ አሁን ቡሌ ሆራ ይማራል፤ ይደዋወላሉ። ይህ ልጅ ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ኖሯል። ላሟን ስንሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያችን ነበር።

ከመጪው ሳምንት ጀምሮ በየሐሙሱ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስገጃው ጀርባ ባለው ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። በመጀመሪያው ሐሙስ ይኸው ወንድማችንና ከቡሌ ሆራ የመጣች አንዲት እህታችን ይናገራሉ፤ ሁለቱም ፈቅደዋል። ለእህቶች በቀኝ በኩል ቦታ ተዘጋጅቷል። ከሌላ እምነት የሆኑ የዶርም ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ስልክ ይዘጋል፣ ፎቶ የለም። የካርቶኑን መነጽር መሞከር የሚፈልግም ዶርማችን ድረስ መጥቶ ማየት ይችላል፤ አንዱ ሌንስ ትንሽ ተጭሯል።